ስልክዎን ያጥፉት፤ ማታ ግን አይሁን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

«ሁላችንም ማታ ማታ ስልካችንን አጥፍተን እንተኛ» የሚል የአንድ አንባቢ ደብዳቤ ጋዜጣችሁ ላይ አነበብኩ። ስልክ ይጥፋ በሚለው እስማማለሁ። ማታ በሚለው አልስማማም። እኔ ጅማ መርካቶ ውስጥ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ነገሩ እንጀራዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ወደ ሱቄ የሚመጣ ስልክ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። «ሃንግ ያደርጋል»፣ «ዳታ እንቢ አለ»፣ «ኔትወርክ ያሳያል፣ ግን አይደውልም» ይሉኛል። ብዙውን ጊዜ አጥፍቼ ሳበራው ይስተካከላል። ምሥጢር የለውም። ስልክ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ አለ። የምንከፍታቸው አፖች እዚያ ይከማቻሉ። አንዳንዱ ዘጋሁት ብለን ከተውነው በኋላም ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስልኩ ሲጠፋ ይሄ ሁሉ ይጸዳል። ሲበራ ደግሞ ኔትወርኩን እንደ አዲስ ፈልጎ ይይዛል። ፎቶና ስልክ ቁጥር የሚቀመጡት ሌላ ቦታ ስለሆነ አይነኩም። ይህን የምለው «ፎቶዬ ይሄድብኛል» ብለው ስልካቸውን ማጥፋት የሚፈሩ ደንበኞች ስላሉኝ ነው። ስክሪኑ ስለጨለመ ብቻ ስልኩ የጠፋ የሚመስላቸውም አሉ። አልጠፋም።

አንድ የቡና ነጋዴ ሐጂ ስልካቸው ቆሞባቸው መጡ።

«ሐጂ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያጠፉት መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ለምን ብዬ አጠፋዋለሁ? ቡና እየተሸጠ!»

አጥፍቼ አበራሁት። ሠራ። ሒሳብ ሲጠይቁኝ «ምንም» አልኩ። ደስ አላላቸውም። ብሎን ሳይፈታ የተሠራ ስልክ አልታመናቸውም። «እስቲ ለማንኛውም ከፍተህ እየው፣ ልጄ» አሉኝ። ይሄን ስንባባል ስልኩ ፓተርን፣ ማለትም በጣት የሚሳለውን መክፈቻ፣ ጠየቀ። ሐጂ ጣታቸውን ይጭናሉ፣ እሱ ፓተርን ይላል። ጣታቸውን በኮታቸው ጫፍ ጠርገው እንደገና ይጭናሉ፣ እሱ አሁንም ፓተርን ይላል። ጠፍቶ የበራ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፈተው በፓተርን፣ በፒን ወይም በፓስወርድ ብቻ ነው። የጣት አሻራ የሚቀበለው ከዚያ በኋላ ነው። ስልክ ለሰረቀ ሌባ ጥሩ እንቅፋት ነው፤ ያን ቀን ግን ለባለቤቱም እንቅፋት ሆነ። ፓተርኑን ያወጣላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። በእኔ ስልክ ደወልንለት። ዩኒቨርሲቲ ክፍል ገብቶ ስልኩን አጥፍቶታል! ሐጂ እስከ ምሳ ሰዓት ሱቄ ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ ቆዩ። ልጁ መጣና ፓተርኑን በአንድ ጣት ስሎ ከፍቶላቸው ሄደ።

እሳቸው ዕድለኛ ናቸው። ፓተርን ከነጭራሹ ከተረሳ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ፎርማት ማድረግ ነው። ያኔ ስልኩ ላይ ብቻ የነበረው ፎቶ ሁሉ ይሄዳል። ስልኩ ቀጥሎ ጂሜይል ይጠይቃል፤ እሱንም ያወጣላቸው ሌላ ሰው ነው፤ ፓስወርዱን ማንም አያስታውሰውም። ሲሙ ላይ ፒን ያደረገ ሰው ደግሞ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ፑክ የሚባለውን ሌላ የሲም ቁጥር ይጠየቃል። ፑኩን አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙን ይጣለው።

ማጥፋቱን ከእኔ የበለጡ ሰዎችም ይመክሩታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ በፈረንጆቹ 2020 ባወጣው ምክር ስልክ በሳምንት አንዴ ጠፍቶ ይብራ ይላል። የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር አንቶኒ አልባኒዝ ደግሞ በ2023 ሕዝባቸውን በየማታው ለ5 ደቂቃ አጥፉት፣ ጥርሳችሁን እየቦረሻችሁም ቢሆን፣ ብለዋል። ምክንያቱ ስለላ ነው። እንደ ፔጋሰስ ያለው የስለላ ፕሮግራም ባለቤቱ ምንም ሳይነካ ስልክ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ ዱካ ላለመተው የሚቀመጡት እዚያው ጊዜያዊ ሜሞሪ ላይ ነው። ስልኩ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ፤ ሰላዩም ሥራውን ሀ ብሎ ይጀምራል። ሐጂን የሚሰልል መንግሥት አለ ማለቴ አይደለም። እኛን የሚያስቸግረን «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የቴሌብር ፒንዎን ይንገሩኝ» የሚለው ነው። እሱን ስልክ ማጥፋት አያስቆመውም። ጆሮው ላይ መዝጋት ነው።

ልብ በሉ፣ አልባኒዝ ያሉት 5 ደቂቃ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አላሉም።

ማታ አይሁን የምለው በደንበኞቼ ምክንያት ነው። ቆጪ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ቀን ስልክ መንካት አይፈቀድላትም። የምትደውለው የቤቱ ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው፤ ያኔ እዚህ እኩለ ሌሊት አልፏል። እናትየው ስልካቸውን ለጥገና ሲያመጡ ሱቅ አያሳድሩትም። «ዛሬ ካልደረሰ ይቅር» ብለው ይዘውት ይሄዳሉ፤ ስክሪኑ እንደተሰነጠቀ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። ትራሳቸው ሥር ነው የሚያድረው። አንድ ሌሊት ካመለጣቸው ልጅቷ ደግማ መቼ እንደሚመቻት አያውቁም። እኚህን እናት ማታ ስልክዎን ያጥፉ የሚላቸው ማን ነው?

ምጥም በሌሊት ይመጣል። ያኔ የሚደወለው ለምናውቀው የባጃጅ ሾፌር ነው። ድሮ ጎረቤት በር ያንኳኳ ነበር። አሁን እሱም ይደውላል። ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ስልኩ የጠፋ ሰው ወሬ ይወጣበታል፦ ወይ ታሟል፣ ወይ ታስሯል፣ ወይ የሰው ብር ይዞ ተሰውሯል። ለሱብሒ በአላርም የሚነሳም ያስብበት። የድሮዋ ኖኪያ ጠፍታም ትጮህ ነበር፤ የዛሬዎቹ ስማርት ስልኮች ግን አብዛኞቹ ከጠፉ ጠፉ ነው። ማታ ሰላም የሚፈልግ ሰው ሴቲንግ ውስጥ «አትረብሽ» (Do Not Disturb) የሚለውን ያብራ። የመረጣቸው ሰዎች ብቻ እንዲደውሉለት ማድረግ ይችላል። በብዙ ስልኮች ላይ ወዲያው ደግሞ የደወለ ሰውም እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል።

ታዲያ መቼ ይጥፋ? እዚህ ጅማ ሰዓቱ ድሮም አለን። አርብ፣ ጁምዓ ላይ። ኢማሙ ኹጥባ ሲያደርጉ ከኋላ የአንዱ ስልክ በመንዙማ ይጮሃል። ባለቤቱ ደንግጦ ኪሱን ሲያምስ መንዙማው የመጀመሪያውን ስንኝ ይጨርሳል። ሳይለንት ያደረገውም ቢሆን ሱጁድ ላይ ኪሱ ይንቀጠቀጥበታል፤ ልቡም አብሮ። በዚያ ሰዓት የማን ጥሪ ይጠበቃል? ሱቁ ተዘግቷል፣ የሚደውለውም ነጋዴ መስጂድ ነው። እኔ ሱቄን ቆልፌ ስወጣ ስልኬንም አጠፋዋለሁ። ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ደግሞ የእሁድ ቅዳሴ አላቸው። አሜሪካኖቹ በሳምንት አንዴ ካሉት ጋር ቁጭ ብሎ ይገጥማል። ስለዚህ በመስጂድም በቤተ ክርስቲያንም «ሳይለንት አድርጉ» ከሚባል «አጥፉ» ቢባል ምን ይመስላችኋል?

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በቡና ለቀማ ወቅት ወደ ጎማና ሊሙ ገጠር የሚወርዱ ሰዎች ባትሪያቸው በግማሽ ቀን እያለቀ ይቸገራሉ። ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ስልኩ አንቴና ሲፈልግ ነው ባትሪውን የሚበላው። እዚያ ፍላይት ሞድ ያድርጉት ወይም ያጥፉት፤ ዳገቱን ሲወጡ ያበሩታል። ባትሪውን አዲስ አያደርገውም፤ እስከ ማታ ግን ያደርሳል።

አርብ ለማጥፋት ያሰበ ሰው ፓተርኑን ሐሙስ ማታ አንዴ ይሞክረው። ያወጣለት የልጅ ልጁ ከሆነ ደግሞ ልጁ ክፍል ሳይገባ ይጠይቀው።

ከአክብሮት ጋር
የሞባይል ጠጋኝ፣ ከጅማ መርካቶ