ስለ ፒ.ኤች. 5 መብራትና ስለ ነዳፊው

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

ስለ ቤት ማስዋቢያ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ የዴንማርኩ ፒ.ኤች. 5 የጣሪያ መብራት በጌጥነቱ ብቻ ተጠቅሶ መታለፉ ስላሳዘነኝ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ። አርክቴክቱ ፖል ሄኒንግሰን የደከመው ለጌጥ ሳይሆን፣ ራቁቱን የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ አምፖል ዓይን ላይ የሚያደርሰውን ማጥበርበር ለማስቀረት ነው። በላምባ መብራት ለስላሳ ብርሃን ላደገ ሰው የአዲሱ አምፖል ጨረር እጅግ ሻካራ ነበር። ስለዚህም እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ የመብራት ክዳኖችን በሒሳብ ቀመር እየቀረጸ፣ ብርሃኑ በቀጥታ ሳይሆን ከክዳኑ ገጽ ላይ ነጥሮ ወደ ማዕዱ እንዲወርድ አደረገ።

እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ፒ.ኤች. 5 ስሙን ያገኘው ከነዳፊው ስም የመጀመሪያ ፊደላትና (ፒ.ኤች.) ከ50 ሴንቲ ሜትር ስፋቱ (5) ነው። ተደራራቢ የብረት ክዳኖቹ አምፖሉን ከየትኛውም ወገን ስለሚሸፍኑት፣ ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ዓይኑን ሳያጨነቁር የባልንጀራውን ፊት ያያል። በውስጡ ያሉት ቀይና ሰማያዊ ትናንሽ አንጸባራቂዎችም (ብዙዎች ለማሳመሪያ የተቀቡ ይመስሏቸዋል) የብርሃኑን ቀለም ለማለዘብ የተጨመሩ ናቸው። ሄኒንግሰን ይህን ሞዴል የሠራው የአምፖል አምራቾች ቅርጹንና መጠኑን በየጊዜው መለዋወጣቸው አስመርሮት፣ ማንኛውም አምፖል ቢገባበት ዓይን እንዳያጥበረብር አስቦ ነበር።

በሚቀጥለው እትማችሁ ይህንኑ እንድታክሉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ አንባቢያችሁ