እማዬ፣ ዶሮዎቹ ማለቃቸውን ለምን ከሰው እሰማለሁ?

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሹ ፊደል ቆጥሮ ሊጨርስ ነው፤ “ለአያቴ እኔ ነኝ የምጽፍላት” እያለ ብዕሩን ይቀማኛል። ትልቋ የፊት ጥርሷ ወልቆ ሳቋ ሌላ ሆኗል።

ዶሮዎቹ በላይ በላዩ ማለቃቸውን የነገረችኝ እትዬ አስካለ ናት። ስንደዋወል ግን “ሁሉ ሰላም ነው” ነበር ያልሽኝ። አንቺንም ያስልሻል አለችኝ።

ፈንግል ሊሆን ይችላል። ለእሱ ክትባት አለው። ግን የወፍ ጉንፋንም አመጣጡ ይመሳሰላል፤ ዶሮዋ ትደበታለች፣ እንቁላል ታቆማለች፣ ራሷ ያብጣል፣ አንዳንዷም ምንም ሳይታይባት ድንገት ሞታ ትገኛለች። በዓይን አይለይም፣ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ስለዚህ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዛሬውኑ ይነገረው።

በ1998 የወፍ ጉንፋን ሱዳን ገባ ሲባል ሰው ዶሮ መግዛት ፈርቶ እንደነበር ታስታውሻለሽ? አንቺ “በደንብ ከበሰለ ምን ያደርጋል” ብለሽ ለፋሲካ ሠራሽልን። ልክ ነበርሽ። 70 ዲግሪ ሙቀት ሥጋው ውስጥ ድረስ ከገባ ቫይረሱ ይሞታል። እኔን የሚያሰጋኝ የታመመችውን ማረዱ፣ መንጨቱ፣ ኩሱን መጥረጉ ነው። ቫይረሱ ደግሞ በብርድና በእርጥበት ብዙ ይቆያል፤ የእኛን አገር ብርድ ታውቂዋለሽ።

ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ አይተላለፍም። ሰውን ሲይዝ ግን ክፉ ነው። በፈረንጆቹ 1997 ሆንግ ኮንግ ውስጥ 18 ሰው ይዞ 6ቱን ገድሏል። በእነሱው አቆጣጠር ከ2003 ወዲህ በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ከ900 በላይ ሕሙማን ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። ይህን የምጽፍልሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ፈርቼ ነው።

አባባ ሲታመሙም እንዲሁ አደረጋችሁኝ። “ፈተና ላይ ናት፣ አትረብሿት” ተባለ። እኔ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። አንስቼብሽ አላውቅም፤ ክፉ አስበሽ እንዳልሆነም አውቃለሁ፣ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፣ ስልክሽ ጠርቶ ሳይነሳ ሲቀር ሆዴ ይባባል፣ “ደህና ነኝ” ስትዪኝም እውነቱን ይሁን እኔን ላለማስጨነቅ ይሁን መለየት አቃተኝ።

ዶሮ ላንቺ ምን እንደሆነ አላጣሁትም። ደብተሬ ሁሉ የተገዛው በእንቁላል ገንዘብ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሁን እባክሽ ስሚኝ። የሞተችውን በባዶ እጅ አትንኪ፣ እጅሽ ላይ ፌስታል አጥልቂ፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ። ወንዝ አትጣሉ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር። ለውሻውም ለድመቷም አይሰጥ። ድመት በዚህ በሽታ ትሞታለች፤ በ2024 አሜሪካ ውስጥ ላሞች ሲያዙ ጥሬ ወተታቸውን ከጠጡት ድመቶች ብዙዎቹ ሞተዋል። ወተቱንም አፍልተሽ ስጫት። የቀሩትን ዶሮዎች ዝጊባቸው፣ ወንዝ ዳር አይውረዱ፤ የዱር ዳክዬ ሳይታመም በሽታውን ሊሸከም ይችላል። ከገበያም ምትክ ብለሽ አሁን አትግዢ። ቆጡ ካንቺ መኝታ ይራቅ፣ ይሄን ስንት ጊዜ ለመንኩሽ!

ትኩሳት ካለሽ፣ ሳሉ ከባሰ፣ ዓይንሽ ከቀላ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ሳታመነቺ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ዶሮ እንደሞተብሽ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ካልነገርሽው ተራ ጉንፋን ነው ብሎ ሊሸኝሽ ይችላል። መድኃኒቱ ይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሲጀመር ነው። ከዚያ ለእኔ ደውዪ። ሥራ ላይ ናት አትበዪ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውዪ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ጓንትና ማስክ እይዛለሁ፣ ቆጡን እኔ አጸዳዋለሁ። ልጆቹን ለዛሬ አላመጣቸውም፣ እንዳይከፋሽ። መጣች ብለሽም ዶሮ እንዳታርጂ፤ ሽሮሽ ይበቃኛል።

ልጅሽ