የአጥቢያ ታሪክ ሲጻፍ ዘመኑና ስሙ ይጣራ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጎጃም ውስጥ ያሉ ትናንሽ የመሠረተ ክርስቶስ (የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን) አጥቢያዎች ለምሥረታ በዓላቸው መጽሔት ሲያዘጋጁ የመጀመሪያውን ገጽ ሜኖናይት በሚባሉት የፕሮቴስታንት ወገን ሚሲዮናውያን መጀመር ይቀናቸዋል። ሚሲዮናውያኑ ናዝሬት ላይ ሆስፒታል መክፈታቸው፣ ሰኔ 1943 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አሥር ሰዎች መጠመቃቸው እውነት ነው። የጎጃም ታሪክ ግን አይደለም። በ1936 ዓ.ም. በወጣው የሚሲዮን ደንብ ጎጃም ለውጭ ሰባኪ «ክፍት» ከተባሉት አገሮች ውጭ ነበር። እዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው በሥራ ዝውውርና በትምህርት የመጡት አማኞች ናቸው።

ሁለተኛው ስሕተት ዘመን ነው። ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን የዘጋው በፈረንጆች ጥር 24 ቀን 1982 ነው። ከዚህ ላይ ሰባት የቀነሰ ሰው 1975 ብሎ ይጽፋል፤ ትክክሉ ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. ነው። ሰባት የሚቀነሰው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ግድም ላለው ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስምንት ነው። አዛውንት ሲጠየቁ ዓመተ ምሕረቱን ከመጎትጎት በዓሉን መጠየቅ ይሻላል። «ከጥምቀት በኋላ ያለችው ኪዳነ ምሕረት፣ እሑድ ለት» ያለ ሰው ጥር 16ን በትክክል ነግሯል። በወንጌላውያን ዘንድ ታቦት ባይከበርም የጎጃም ሰው ቀን የሚቆጥረው በዚሁ ነው።

ከ1974 እስከ 1983 ድረስ ቃለ ጉባኤ አይገኝ ይሆናል። ስም የተጻፈበት ደብተር ሰው ያሳስር ነበርና ብልኁ ሰው አልጻፈም። በየቤቱ ይሰበሰቡ የነበሩትን ለየብቻ መጠየቅ ነው፤ አንድ ላይ ከተቀመጡ የመጀመሪያው የተናገረውን ሌሎቹ ይደግሙታል። ማን ቤቱን ሰጠ? ማን በር ጠበቀ? ቡና ያፈሉት እናቶች ብዙ ጊዜ ሳይጠየቁ ይቀራሉ፤ የማን ቤት መቼ ተራ እንደነበረው የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው።

የጥምቀት መዝገብ ሲቆጠር ደግሞ በዓለም ስምና በክርስትና ስም ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሰው አለመኖሩን በአባት ስምና በተጠመቀበት ቀን ማመሳከር ያስፈልጋል። በመጨረሻም የአሮጌ ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አይጻፍ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይዘልቃል። በእርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ስም በስም።

አንባቢዎቻችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ