ካርቶኑን ክፈቺው

ውድ አልሚዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ያው ናት። የቤት ኪራይ ይጨምራል፣ ሰው ይሯሯጣል፣ ቅዳሜ ሠርግ ወይ ለቅሶ አይጠፋም። ስልኩን አንስቼ «አሁን ሲያትል ገና ሥራ ላይ ናት» እያልኩ ስንቴ መልሼ እንዳስቀመጥኩት አትጠይቂኝ። አንቺም እንደዚያው እንደሆንሽ ስለማውቅ ወቀሳውን ለሁለታችንም ትቼዋለሁ።

የድምፅ መልእክትሽን ሰማሁት። ሳቅሽ አልተለወጠም። ባልሽ የቢራ መጥመቂያ ዕቃ ገዝቶልሽ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ መቀመጡን ስትነግሪኝ እኔም ሳቅሁ። «አንቺ ትጠምቂያለሽ አሉ፤ እስቲ ከየት እንደሚጀመር ንገሪኝ» ነው ያልሽው። በስልክ ከምቀባጥር ብጽፍልሽ ይሻላል። ምድጃው አጠገብ አስቀምጠሽ እያየሽ ትሠሪበታለሽ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አንቺ ጀማሪ አይደለሽም። ደብረ ብርሃን አድጋ ጠላ ሲጠመቅ ያላየች ልጅ የት አለች? ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ጋን የምናጥበው እኛ አልነበርንም? በግራዋ ቅጠል እንፈትገው ነበር። ምሬቱ ከእጃችን አልለቅ ይል ነበር። ከዚያ ወይራው ይጤሳል፣ ጋኑ ይታጠናል። ያ ሁሉ ለሽታ ብቻ አልነበረም። ግራዋውም ጢሱም ጋኑ ግድግዳ ላይ የቀሩትን ተህዋስያን ይቀንሳሉ። እዚህ አገር ቢራ የሚጠምቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነግርሽም ስለ ንጽሕና ነው።

ካርቶኑ ውስጥ ተህዋስያን የሚገድል ማጽጃ ታገኛለሽ። ካልኖረም ለብቻው ይሸጣል። በሳሙና ማጠብና ተህዋስያንን መግደል ይለያያሉ፤ ሁለቱንም አድርጊ። ግን እንደ ሆስፒታል አትጨነቂ። ከመፍላቱ በፊት የነካው ዕቃ አያሳስብም፣ እሳቱ ይጨርሰዋል። ከእሳት ከወረደ በኋላ ግን የሚነካው ሁሉ፣ ማንኪያው፣ ቱቦው፣ ክዳኑ፣ ጣትሽም ሳይቀር፣ በማጽጃው ያለፈ ይሁን። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህችን አትርሺ።

እንግዲህ ካርቶኑን ክፈቺው። ብቅል አለ። እናትሽ ገብሱን ዘፍዝፈው፣ በቅጠል ጠቅልለው፣ ድንጋይ ጭነው ካበቀሉት በኋላ ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት ያው ብቅል ነው። ገብስ ሲበቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች ያዘጋጃል፤ የድካሙ ሁሉ ምክንያት ይህ ነው። ሆፕ ደግሞ በጌሾ ቦታ የገባ ነው። ምሬት ይሰጣል፣ መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽም ያግዛል። ጌሾ ቅጠልና እንጨት ነው፣ ሆፕ ግን አበባ። ከዚያ ትንሽ ፓኬት እርሾ ታገኛለሽ። ለጠላ እርሾ የገዛ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ከጌሾው፣ ከብቅሉ፣ ከጋኑ ይመጣል፤ ጥንስሱ ውስጥ ራሱን ያራባል። ጀርመን አገር ያሉት ባቫሪያዎችም በ1516 እ.ኤ.አ. ቢራ በገብስ፣ በሆፕና በውሃ ብቻ ይሠራ ብለው ሲያውጁ እርሾን አልጠቀሱም። ምንነቱ ገና አልታወቀም ነበር። ዛሬ ግን አንድ የተመረጠ ዘር ብቻ ደርቆ በፓኬት ይሸጣል። የእናቶቻችን ጠላ ከቤት ቤት የሚለያየው፣ የፋብሪካ ቢራ ግን የትም አንድ ዓይነት የሚሆነው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ ልዩነቱ እንምጣ። ጠላ ለሚያውቅ ሰው ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። በጠላ ስታርቹ ስኳር የሚሆነውም፣ ስኳሩ አልኮል የሚሆነውም በአንድ ጋን ውስጥ ጎን ለጎን ነው። ቂጣው ወይም እንኩሮው በእሳት በስሎ ይገባል። ብቅሉ ቀስ እያለ ይፈታዋል፣ እርሾው እግር በእግር እየተከተለ ይበላዋል። ለዚህ ነው ቴርሞሜትር የማያስፈልገው፤ ሥራውን ጊዜ ይሠራዋል። በቢራ ሁለቱ በየተራ ናቸው። መጀመሪያ ብቅሉን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈሽ ስኳሩን በአንድ ሰዓት ታወጪያለሽ። ከዚያ ገለባውን ጥለሽ ፈሳሹን ታፈያለሽ። እርሾ የሚገባው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ያንን የአንድ ሰዓት ሥራ የሚወስነው ሙቀት ነው። ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት፤ በዚህ አገር ምድጃ ቋንቋ ከ150 እስከ 154 ፋራናይት ገደማ። ከ75 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ኢንዛይሞቹ ይሞቱብሻል። እና ገንዘብ የምታወጪበት ነገር ካለ ጥሩ ቴርሞሜትር ላይ አውጪ። የሚያብለጨልጨውን ብረት ሁሉ ተዪው። ሻጮቹ አንዴ ከያዙሽ አይለቁሽም።

ለመጀመሪያ አንድ ጋሎን ብቻ ሥሪ። አምስት ጋሎን ካልሆነ አይሆንም የሚሉሽን አትስሚ። ያን የሚያህል ድስት በቤት ምድጃ እስኪፈላ ቀኑ ይመሻል፣ ማውረዱም ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ጋሎን 3.8 ሊትር ነው፤ ዘጠኝ አሥር ጠርሙስ ይወጣዋል። ባይጥምሽ እንኳ የሚያስቆጭ አይደለም።

1 ኪሎ ብቅል ያዢ። የተከካ እንጂ የተፈጨ አይሁን፤ ዱቄት ከሆነ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። 6 ሊትር ውሃ 70 ዲግሪ እስኪደርስ አሙቂና ምድጃውን አጥፊ። ብቅሉን በሳሳ የጨርቅ ከረጢት አድርገሽ ክተቺው፣ እብጠት እንዳይሠራ አማስዪው። ሙቀቱ ወደ 67 ይወርዳል። ድስቱን ከድነሽ፣ ከምድጃው አውርደሽ በጋቢ ጠቅልዪው። ስቀልድ አይደለም፣ እዚህ ከሚሸጡት መጠቅለያዎች ሁሉ ጋቢ ይበልጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቅመሺው። ወፈር ያለ፣ ልጆቹ «ሻይ ነው?» የሚሉት ጣፋጭ ነገር ከሆነ ተሳክቶልሻል። ከረጢቱን አንሥተሽ ይንጠፍጠፍ።

አሁን አፍዪው። ሊፈላ ሲል አረፋው ሽቅብ ይመጣልና ከአጠገቡ አትራቂ። ግንፈላው ሲረጋጋ 7 ግራም ሆፕ ጨምሪና ሰዓት ያዢ። አንድ ሰዓት ሙሉ ይፍላ። ሆፕ ምሬቱን የሚሰጠው በደንብ ሲፈላ ነው። ሽታው ግን በፈላ ቁጥር በእንፋሎት ይሄዳል። ስለዚህ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሌላ 7 ግራም ትጨምሪያለሽ። የመጀመሪያው ለምላስ፣ ሁለተኛው ለአፍንጫ ነው።

ስለ ሆፕ ካነሳሁ አይቀር፣ አንቺ ዕድለኛ ነሽ። የአሜሪካ ሆፕ አብዛኛው የሚበቅለው እዚያው እናንተ ግዛት፣ ያኪማ ሸለቆ ነው። ከሲያትል በመኪና ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ ማገባደጃ እስከ መስከረም ይለቀማል። ከቤት በላይ ከፍ ባለ ገመድ ላይ የሚንጠለጠል ሐረግ ነው። ልጆቹን ይዘሽ አንዴ ሂጂ። ለዚህ ቢራ ካስኬድ የሚባለውን ዓይነት ግዢ። በ1972 እ.ኤ.አ. ለገበሬ የቀረበ የአሜሪካ ዘር ነው፣ የብርቱካን ልጣጭ ዓይነት ሽታ አለው፣ ለጀማሪ አያስቸግርም።

ሲፈላ ያለቀውን ድስት በረዶ የሞላ ማጠቢያ ውስጥ አስቀምጠሽ ወደ 20 ዲግሪ አውርጂው። ትኩስ ላይ እርሾ ከጨመርሽ ቀቀልሽው ማለት ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ መስታወቱ ጋሎን ገልብጪና በደንብ ናጪው፤ እርሾው ሲጀምር ኦክስጅን ይፈልጋል። የደረቅ እርሾ ፓኬት ብዙውን ጊዜ 11.5 ግራም ነው። ለአምስት ጋሎን የተመጠነ ስለሆነ ለአንቺ ግማሹ ከበቂ በላይ ነው። አፉ ላይ ኤርሎክ የሚባለውን ትንሽ መተንፈሻ ሰክተሽ ትንሽ ውሃ ጨምሪበት። ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም። የጋን አፍ በጨርቅና በጭቃ የምናሽገው ለምን ይመስልሻል?

ከዚያ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ጥግ አስቀምጪው። ካስገባሽው በማግስቱ ጉልጉል ማለት ይጀምራል። ሁለት ሳምንት አትንኪው። የኛ ሰው ክዳን መክፈት ይወዳል፤ ባልሽም አንቺም እጃችሁን ሰብስቡ።

ሃይድሮሜትር የሚባለውን፣ ፈሳሹ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚለካውን የመስታወት ዘንግ አትፍሪው። እርሾው ከመግባቱ በፊት ስትለኪው 1.050 ገደማ ያሳይሻል፣ ሲያልቅ 1.010 ገደማ። ልዩነቱን በ131 ስታበዢው አልኮሉን በመቶኛ ይሰጥሻል፤ አምስት ገደማ ይመጣል። የቤት ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ነውና ለእንግዳ ስትቀጂ ይህን አስቢበት። የዘንጉ ዋና ጥቅም ግን ሌላ ነው። በሁለት ሦስት ቀን ልዩነት ለክተሽ ቁጥሩ ካልተለወጠ እርሾው ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። ሳይጨርስ ጠርሙስ ውስጥ ካሸግሽው ጋዙ መውጫ ያጣል፣ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ጨዋታ አይደለም፣ ዓይን ያጠፋል።

ለጠርሙሱ 25 ግራም ስኳር በትንሽ ውሃ አፍልተሽ፣ አብርደሽ ከቢራው ጋር በቀስታ ቀላቅዪ፣ ከዚያ ቅጂና በቆርኪ አሽጊ። ያቺ ስኳር ናት ጋዙን የምትፈጥረው። በእጅ የሚጠመዘዝ ቆርኪ ያለውን ጠርሙስ ተዪው፣ በደንብ አይታሸግም። ቡናማ ጠርሙስ ይሁን፤ ሆፕ ብርሃን ካገኘው ክፉ ሽታ ያመጣል። ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ፣ ከዚያ ፍሪጅ። ስትቀጂ የሥሩን አተላ ጠርሙሱ ውስጥ አስቀሪው። ጉሽ የሚወድ ካለ ግን ይጠጣው፣ አይጎዳም።

ሕጉን ጠይቀሽኛል። አትስጊ። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 እ.ኤ.አ. የፈረሙት ሕግ ከ1979 ጀምሮ ቤት የሚጠመቅ ቢራን ከፌዴራል ቀረጥ ነጻ አድርጎታል። ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት 200 ጋሎን ይፈቀድለታል፣ ብቻውን የሚኖር 100። መሸጥ ግን ክልክል ነው። ማኅበርሽ ላይ «በዋጋው እንካፈል» የሚሉ አይጠፉምና እንዳትሰሚያቸው።

አንድ የራሴ ነገር ልጨምርልሽ። ሆፑን ትቼ በጌሾ ሠርቼው አውቃለሁ። እዚህ የሐበሻ ሱቅ ጌሾ አይጠፋም። ምሬቱ ንጹሕ ነው፣ ምላስ ላይ ይቆያል። የሆፕን የአበባ ሽታ ግን አትጠብቂ። ትንሽ ብቅል እንደ አሻሮ አጥቁረሽ ከቆላሽበት ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትጠጪው ጠላ ነው ትያለሽ፣ ጋዙ ብቻ ያጋልጠዋል። እኔ ከሆፑ ይልቅ እሱን እወደዋለሁ። ፈረንጅ ጎረቤቴ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ሁለተኛውን በትሕትና እምቢ አለኝ። አንቺ ግን ለመጀመሪያው በሆፕ ሥሪ፤ ሁለት አዲስ ነገር በአንዴ አትሞክሪ።

ጌሾ ቅጠልና ትንሽ የተቆላ ብቅል በፖስታ ልኬልሻለሁ። ሲደርስሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው፣ ለሁለተኛው ይሆንሻል። ሙቀቱ አልያዝ ካለሽ ወይም ኤርሎኩ ዝም ካለሽ የሰዓቱን ልዩነት ሳትቆጥሪ ደውዪልኝ። እማማን በጉልበታቸው ሳሚልኝ። ጋን አጣቢዋ ልጅ ቢራ ጠማቂ ሆነች ብለሽ ንገሪያቸው፤ ምን እንዳሉ መስማት እፈልጋለሁ።

ያንቺው፣
ሂሩት