«ዳንኩ» የሚል ምስክር ማስረጃ አይሆንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ቫይታሚንና ሰፕሊመንት (ምግብን ያሟላል ተብሎ ስለሚወሰደው ክኒን፣ ዱቄትና የመሳሰለው) ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ከላይ እስከ ታች «ወስጄው ዳንኩ» የሚሉ ሰዎች ምስክርነት ነው። በማን ላይ ተሞከረ? ከምን ጋር ተነጻጸረ? ምን ተለካ? ይሄን የሚመልስ አንድም መስመር አጣሁ። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። እናንተ የጻፋችሁትን ሰው አምኖ እኛ ዘንድ ስለሚመጣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በቅርቡ አንዲት እናት ከፌስታል ውስጥ ጠርሙስ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ። ፊት ለፊቱ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎበታል፦ «ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል፣ ደም ያጠራል፣ ኩላሊት ያጥባል።» «ልጄ፣ ይሄን ከጀመርኩ መርፌውን ልተወው?» አሉኝ። ጠርሙሱን አዞርኩት። ከጀርባው በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ምርቱ የትኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለማዳን ወይም ለመከላከል እንዳልተዘጋጀ ተጽፏል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪም አባባሉን እንዳልገመገመው ይናገራል።

ይህ ጽሑፍ እዚያ የተቀመጠው በሕግ ግዴታ ነው። አሜሪካ በ1994 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባወጣችው ሕግ መሠረት የሰፕሊመንት አምራች ምርቱ እንደሚሠራ ለተቆጣጣሪው ሳያረጋግጥ ገበያ ላይ ማውጣት ይችላል። ስለ ጥቅሙ ሲናገር ግን ያንን ማሳሰቢያ ማተም አለበት። ስለዚህ አምራቹ ራሱ ያላለውን ነው እዚህ ያለው ሻጭ በአማርኛ የለጠፈው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ይሄን ወረቀት አምኖ መርፌውን ቢያቆም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እናትየውን መርፌውን እንዳያቆሙ ለምኜ፣ ወደ ሐኪማቸው ላክኋቸው።

«ታዲያ ስንት ሰው ተሽሎት የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ይሻለዋል። ጉንፋን በሳምንት ውስጥ ራሱ ይለቃል። የጉልበት ሕመም ይነሳል፣ ይተኛል። ሰው ደግሞ ገንዘቡን የሚያወጣው ሕመሙ በባሰበት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢቀለው ምስጋናውን የሚወስደው ጠርሙሱ ነው። ሰፕሊመንት የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ለስላሳ መጠጥ ይቀንሳል፣ በእግሩ መሄድም ይጀምራል። የትኛው እንደረዳው በምን ይታወቃል? ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ እውነተኛውን፣ ለግማሾቹ ምንም የሌለበትን ተመሳሳይ ክኒን የሚሰጡት። ማን የትኛውን እንደወሰደ ሐኪሙም ታካሚውም አያውቁም።

እንዲህ ሲፈተኑ ብዙ ትልልቅ ተስፋዎች ወድቀዋል። አሜሪካ ውስጥ ከ25 ሺህ በላይ ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ቫይታሚን ዲ፣ የዓሣ ዘይት፣ ሁለቱንም ወይም ባዶውን ክኒን ለአምስት ዓመት ገደማ ወስደው ነበር። ውጤቱ በ2018 ሲወጣ ካንሰርንም ሆነ ዋና ዋናዎቹን የልብና የደም ሥር ሕመሞች ሲቀንስ አልተገኘም። ፊንላንድ ውስጥ 29 ሺህ በሚሆኑ አጫሾች ላይ የተደረገው ደግሞ ያስደነግጣል። ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን ከካንሰር ይጠብቃቸዋል ተብሎ ለከፊሎቹ ተሰጣቸው። በ1994 ውጤቱ ሲታተም፣ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በዝቶባቸው ተገኘ። «ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚለውን አባባል ስሰማ ትዝ የሚለኝ ይኸው ነው።

ሰፕሊመንት ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ለምሳሌ ፎሊክ አሲድን እንይ። አከርካሪው ወይም አንጎሉ በትክክል ያልተዘጋ ልጅ የወለደች እናት፣ ለሚቀጥለው ልጅ ከማርገዟ በፊት ጀምራ ስትወስደው አደጋው በ72 በመቶ እንደቀነሰ በ1991 በታተመ ጥናት ታይቷል። ለነፍሰ ጡሮች የሚታደለው አይረንና ፎሊክ አሲድ ከዚህ ወገን ነው። ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። የሚያሳዝነኝ፣ ሆድ አስቸገረኝ ብላ ያንን ቤት አስቀምጣ፣ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሄዳ ውድ ጠርሙስ የምትገዛ እህት ማየት ነው። ካስቸገራት አዋላጇን ታማክር። ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰደው፤ አይረኑ ወደ ሰውነቷ እንዳይገባ ይይዙታል።

በጣም የምፈራቸው ግን «ለወንድነት» እና «ለክብደት መቀነሻ» የሚባሉትን ነው። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ከ2007 እስከ 2016 መለያቸው ላይ ያልተጻፈ መድኃኒት የተደባለቀባቸውን 776 ሰፕሊመንቶች መዝግቧል። አብዛኞቹ ከእነዚህ ከሁለቱ ወገን ናቸው። በወንድነት መቀስቀሻዎቹ ውስጥ በብዛት የተገኘው ሲልዴናፊል ነው፤ ማለትም ቪያግራ ውስጥ ያለው መድኃኒት። ለልብ ሕመሙ ናይትሬት የሚባለውን የደም ሥር ማስፊያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳያውቅ ይሄን ቢደርብበት የደም ግፊቱ ለሕይወቱ በሚያሰጋ ደረጃ በአንዴ ሊወርድ ይችላል። «ከዕፅዋት ብቻ» የሚል ጽሑፍ አያድነውም።

ከእናንተ የምለምነው ብዙ አይደለም። ስለ አንድ ምርት ስትጽፉ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መዝግቦት እንደሆነ ጠይቁ። መመዝገቡም በሽታ ያድናል ማለት እንዳልሆነ አብራችሁ ንገሩን። ሻጩን «ጥናቱ የታል?» በሉት። አይጥ ላይ የተሠራ ከሆነ አይጥ ላይ ነው ብላችሁ ጻፉ። «መድኃኒትህን ተው» የሚያሰኝ ቃል ካለበት አታትሙት። የተከፈለበት ጽሑፍ ከሆነም አናቱ ላይ በጉልህ «ማስታወቂያ» በሉት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ