እንግሊዝኛውን ካማርኛው ጋር አስተያዩልን

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ልጆች አስጠናለሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንሱም ሂሳቡም በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጆቹ ግን ግራመሩን ሸምድደው ብቻ ነው የሚመጡት። እስቲ እዩት፣ «በጥር፣ በጥምቀት ቀን፣ በ4 ሰዓት፣ በባጃጅ መጣሁ» ስንል አንዷ «በ» ሁሉንም ትጨርሳለች፣ እንግሊዝኛው ግን ለወሩ ኢን ለቀኑ ኦን ለሰዓቱ አት ለባጃጁ ባይ ይላል (ሰዓቱም በነሱ 10 ነው፣ እሱ ሌላ ጣጣ)። «የአበበ ቤት» ላይ እኛ «የ»ን እናስቀድማለን እነሱ ኤስን ከስሙ ኋላ ይለጥፋሉ። ያለፈ ጊዜ ግሡማ፣ ጎ ዌንት ይሆንና ዲድ ሲመጣ ተመልሶ ጎ፣ ታዲያ ልጁ «ዲድ ዌንት» ቢል ምን ይገርማል? መጽሐፎቹ እንዲህ እያስተያዩ ቢያስረዱ ምናለ? እናንተም በሳምንት አንዲት አምድ ብትሰጡን።