ለቀጠሮ የሚሆን የመኪና ብር

የምሠራው ካርድ ክፍል ነው። በቅርቡ ሥልጠና ላይ አሜሪካኖች የሚጠቀሙበትን የበሽታና የጉዳት ኮድ መጽሐፍ ስናገላብጥ አንዱ ኮድ አሳቀን። ዋይ 38.5 ኤክስ 1 ዲ። በኒውክሌር መሣሪያ በተፈጸመ የሽብር ጥቃት የተጎዳ የሕዝብ ደኅንነት ሠራተኛ ለክትትል ሲመጣ የሚጻፍለት ነው። እሳት አደጋ፣ ፖሊስ፣ እንደዚያ ያለው ሰው። "ይሄ ደግሞ ለማን ነው?" አለ አንዱ። እኛ ደብረ ብርሃን ላይ ነን እኮ!

የእኔ ሳቅ ግን ቶሎ ቆመ። ያቆመችው መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ናት። "ኤ" ከሆነ ጉዳቱ ገና እየታከመ ነው። "ዲ" ከሆነ ሰውየው ለክትትል ተመልሷል። "ኤስ" ከሆነ የቀረው መዘዙ ነው። ይሆናል ብሎ ማሰብ ለሚያስፈራ ነገር እንኳ የቀጠሮ ቦታ ተቀምጦለታል። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን የአንድ የምናውቀውን የአምቡላንስ ሾፌር ካርድ ከመደርደሪያ አውጥቼ ነበር።

ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ "ስሜን ግን ተዪው" ብሏል። የተጎዳው ጣርማ በር ላይ ነው። ጉም በወረደበት ሌሊት፣ ከተገለበጠ አይሱዙ ሰው ሊያነሣ ሄዶ፣ ቃሬዛ እንደያዘ ተንሸራቶ ወገቡን ተመታ። የካርዱ የመጀመሪያ ገጽ ሞልቷል፤ ራጅ፣ መርፌ፣ "በሁለት ሳምንት ይመለስ"። ሁለተኛው ገጽ ባዶ ነው። መንስኤው "ወድቆ" ተብሎ ታልፏል። ሥራ ላይ ይውደቅ፣ ከአልጋ ላይ ይውደቅ፣ አይታወቅም። እንዲህ የተጻፈ ሰው ሲቆጠር ከማንም ጋር ይደባለቃል።

ዛሬም ይነዳል። ጋቢ አጥፎ ከጀርባው ያስደግፋል። ቃሬዛ ሲነሣ ግን ሌላ ሰው ይጠራል፤ ያፍራል መሰለኝ።

"ለምን አልተመለስክም?" አልኩት።

"አዲስ አበባ ነዋ የጻፉልኝ። በምን ልሂድ፣ እቱ?"

130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሩቅ አይባልም። ግን ቀጠሮው ጠዋት ነው። ከዋዜማው መሄድ፣ አልጋ መያዝ፣ አስታማሚ ማብላት አለ። ከዚያ ደግሞ "ኤምአርአይ ተነሥተህ ና" ይባላል። ልጆች ያሉት ሰው ከነሱ ጉሮሮ ነጥቆ ወገቡን ያሳክማል?

ወደ ኒውክሌሩ ልመልሳችሁ። ቼርኖቢል ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ 134 የጣቢያው ሠራተኞችና የእሳት አደጋ ሰዎች በጨረር በጠና ታመሙ። 28ቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞቱ። ከተረፉት መካከል ቆይቶ የዓይን ሞራ የያዛቸው አሉ። ይህም የታወቀው ሐኪሞች ለዓመታት ስለተከታተሏቸው ነው። እ.ኤ.አ. የመስከረም 2001ዱ የኒውዮርክ ጥቃት ላይ አቧራ የማጉትን ነፍስ አድን ሠራተኞች ሕክምና የሚከታተለው ሕግ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ነው። እነሱም ዘግይተዋል ማለት ነው። የእኛ ሰዎች ጢስና የወገብ ምት ከጨረር ጋር አይወዳደርም፤ ግን እሱም ቀን ጠብቆ ይነሣል።

ስለዚህ በእድራችን አንድ ሣጥን ከፍተናል። ከደብረ ብርሃን እስከ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት፣ ሥራ ላይ ለተጎዱ የአምቡላንስ ሾፌሮች፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ቃሬዛ ለሚሸከሙ በጎ ፈቃደኞች ነው። ብሩ በዋናነት የሚሄደው ለመኪናና ለአልጋ ነው። ከተረፈ ለምርመራና ለመድኃኒት። መዝገቡን እኔ ገዝቻለሁ፣ እሱን አትቁጠሩት። እዚያ ላይ ስም፣ የተጎዳበት ቀን፣ ሥራ ላይ መሆኑና የቀጠሮው ቀን ብቻ ይጻፋል። ሕመሙ ምን እንደሆነ አንጽፍም፤ እሱ የሰውየውና የሐኪሙ ነው። ቀጠሮ ሲደርስ እንደውላለን። ደርሶ ለተመለሰ ስሙ ጎን "ዲ" እጽፍለታለሁ።

50 ብርም ብር ነው። ገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ያለ ደረሰኝ ለማንም አትስጡ፣ ለእኔም ቢሆን። ሂሳቡ ወር በገባ በ12፣ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ፣ ሁሉም እየሰማ ይነበባል። ብር የሌላችሁ ሌላ መንገድ አለ። አዲስ አበባ ቤት ያላችሁ ለአንድ ሌሊት ፍራሽ አንጥፉልን። የሚኒባስ ባለቤቶች ሁለት ወንበር ያዙልን።

ለሾፌራችን አዲስ ቀጠሮ ተይዟል። እስካሁን የመሄጃው ሞልቷል፤ የመመለሻው ይቀራል።